ጡረታዬ ደርሷል፤ አሮጌ ሚኒባስ ልግዛ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጎንደር ነዋሪ ነኝ፤ መምህር ነኝ። በሚቀጥለው ዓመት 60 ስለምሞላ ጡረታ እወጣለሁ። ልጆቼ ራሳቸውን ችለዋል። ያረጀ የናፍጣ ሚኒባስ ገዝቼ፣ የኋላ ወንበሩን አስነቅዬ አልጋና ትንሽ ቡታጋዝ አስገጥሜ፣ ከባለቤቴ ጋር ጎርጎራ፣ ደባርቅ፣ ላሊበላ እያልን መዞር ነው ሐሳቤ። አዘዞ አንድ አይቻለሁ። ሻጩ “ሞተሩ አልተነካም” ይላል። ዋጋው ግን ያጠራቀምነውን ጠራርጎ ይወስደዋል። ባለቤቴ “በስተርጅና ጋራዥ ለጋራዥ ልታንከራትተኝ ነው” ብላ ከልቧ ተቆጥታለች። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ መምህር፣ ዕድሜዎን ሙሉ የጠመኔ አቧራ ሲውጡ ኖረው አገርዎን ማየት መፈለግዎ ደስ ይላል። ግን ያለ የሌለውን ገንዘብ ጨርሰው እንዲገዙት አልመክርዎትም። የሚያስፈራኝ ከገዙት በኋላ ያለው ነው። ጡረታ በየወሩ ትንሽ በትንሽ ይመጣል፤ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮና ራዲያተር ግን ሲበላሹ ወር እስኪደርስ አይጠብቁም። ዋጋውም በቀላሉ የሚወርድ አይመስለኝም። በ2012 ያገለገሉ መኪኖች ኤክሳይስ ታክስ ከበደ፣ በ2016 ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና ተፈላጊ ሆኗል።

ልብዎ ከቆረጠ ግን ጠዋት፣ ሻጩ መኪናውን ሳያስነሣው ይድረሱ። ኮፈኑን በእጅዎ ይንኩት። ከሞቀ ቀድሞ አስነሥቶታል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ይመለሱ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ እያጨሰ ከቀጠለ ዘይት እየበላ ነው። ነጭ ጭስ አላቆም ካለና ራዲያተሩ ውሃ ከጎደለ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ ገብቶ ዝገቱን የሚያይልዎ የራስዎ መካኒክ ይዘው ይሂዱ፣ የሻጩን አይደለም። ጎማው ጎን ላይ ደግሞ አራት አሃዝ ይፈልጉ፤ 3215 ካለ በ2015 እ.ኤ.አ. በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢያምርም እንዲህ ያረጀ ጎማ አይመኑ። ደባርቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ይደረሳል፤ ከዚያ አልፎ ሊማሊሞን መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ፍሬን ብቻ እየረገጡ ከወረዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ከጋለ ደግሞ አይዝም። በከባድ ማርሽ፣ ማለትም በዝቅተኛው ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘ ነው የሚወረደው።

ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር መመሳሰሉን፣ የባንክ እገዳ አለመኖሩን ያጣሩ። ስም ሳይዛወር ሙሉ ብር እንዳይከፍሉ። ወንበር ከማስነቀልዎ በፊትም ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ።

ቡታጋዙን ግን እባክዎ ይተዉት። ደባርቅ ማታ ይበርዳል፤ ሰው ሲበርደው በር ዘግቶ እሳት ያነዳል፣ የተዘጋ መኪና ውስጥ ጋዝም ሆነ ከሰል እያነደዱ መተኛት ደግሞ ይገድላል። ምግብዎን ውጭ ያብስሉ፣ ለሌሊቱ ብርድ ልብስና ጋቢ ይደርቡ።

እኔ ብሆን መጀመሪያ ሚኒባስ ከነሾፌሩ ለጥቂት ቀን እከራይ ነበር። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀው፣ ባለቤትዎን ይዘው ጎርጎራ ጣና ዳር ሁለት ሌሊት ይደሩ። ወገብዎ መኪና ውስጥ መተኛቱን ይችለው እንደሆነ፣ ሌሊት ለሽንት መነሣቱ እንዴት እንደሆነ እዚያው ያዩታል። ሲመለሱ ባለቤትዎ ራሳቸው “መቼ ነው ደግሞ የምንሄደው?” ካሉ ይጻፉልኝ፤ ያኔ ከያዙት ገንዘብ ግማሹን የማይነካ መኪና አብረን እንፈልጋለን።