በረዶ ላይ ለሚሮጥ ወንድ የትኛው ታይት?

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ ነው። ጠዋት ጠዋት እሮጣለሁ፤ አሁን ግን ብርዱ ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ገብቷል፣ ጭኔ ይደነዝዛል። ምን ዓይነት ታይት ልግዛ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥጡን እርሳው። ላብ ይጠጣና ሰውነትህ ላይ እርጥብ ሆኖ ይቀራል፣ ብርዱም የሚብሰው ያኔ ነው። ፖሊስተር ከስፓንዴክስ (የሚለጠጥ ክር) ጋር የተቀላቀለበት፣ ውስጡ ለስለስ ያለ ፀጉራም ጨርቅ የሆነውን ውሰድ። ለወንድ ዋናው ነገር ግን፣ ብዙ ሰው አፍሮ የማይጠይቀው፣ ፊት ለፊቱ ነው፤ ብልትና ጭን አካባቢ ነፋስ የማያስገባ ጨርቅ ያለበትን ፈልግ፣ ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ እዚያ ጋ የሚሰማው ብርድ ቀላል አይደለም። ካጣህ ነፋስ የማያስገባ ቁምጣ ከላይ ደርብ። ልጥፍ ይበል እንጂ አይጨቁንህ። ጠዋት ስለሚጨልም የሚያንጸባርቅ መስመር ቢኖረው በጣም ደስ ይለኛል፣ ሾፌሮች ከሩቅ ያዩሃል።