ደመወዝህ ውስጥ አንተ የለህበትም

ጥያቄውን የላከው የ25 ዓመት ወጣት ነው። ከደብረ ብርሃን ድሬዳዋ ከመጣ ስድስት ወሩ ነው። በሎጂስቲክስ ተመርቆ አንድ የትራንዚት ድርጅት መጋዘን ውስጥ ገቢና ወጪ ዕቃ ይመዘግባል። ያልተጣራ ደመወዙ 12,000 ብር ነው፤ ምሳ መሥሪያ ቤቱ ያበላዋል። ሳቢያን ሰፈር ላለች አንድ ክፍል ቤት 3,000 ብር ይከፍላል፣ ወደ ቤተሰቦቹ 4,000 ይልካል። እንዲህ ይላል፦ «ሥራ ስይዝ ሕይወት ይጀምራል ብዬ ነበር። ማታ አንድ ሰዓት ላይ በሬን ዘግቼ ጣራ ጣራ እያየሁ አመሻለሁ። የሚያስደስተኝ ነገር የለም። ለቅቄ ልመለስ? ማስተርስ ልጀምር? ወይስ ወንድሜ እንደሚለው ዓረብ አገር ልሂድ?»

ወንድሜ፣ ብዙ ጠይቀሃል፤ እኔ ግን «የሚያስደስተኝ ነገር የለም» ያልከው ላይ ነው የምቆየው። ይህን የቅንጦት ጥያቄ የሚያደርጉት ሰዎች ያናድዱኛል። ወጣት ዓመት ሳይሞላው ሥራ ጥሎ ሲሄድ «ሥራው ከበደው» ይባላል። ብዙ ጊዜ የከበደው ከሥራ ከወጣ በኋላ ያለው ሰዓት ነው።

መጀመሪያ ሒሳቡን እንሥራው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ከ12,000 ብርህ ላይ 2,250 ይቆረጣል። ጡረታ 7 በመቶ ነው፣ 840 ብር። እጅህ የሚገባው 8,910 ነው። ኪራዩንና ወደ ቤት የምትልከውን ስታነሳለት 1,910 ይቀርሃል፤ ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 64 ብር አይሞላም። ቁርስ፣ እራት፣ ባጃጅ፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ ከዚህችው ነው። ሰፈር ሱቅ ስንት ዱቤ እንዳለብህ አልጻፍክልኝም፤ እንዳለብህ ግን ሒሳቡ ይናገራል። በባዶ ኪስና በግማሽ እራት የሚያመሽ ሰው ደስታ ቢያጣ ምን ይገርማል?

አባትህ «አስተምረንሃል፣ አሁን ተራው ያንተ ነው» ይሉሃል። የምትልከው ለእህትህ የትምህርት ቤት ክፍያና ለሳሎን ሶፋ እንደሚውል ራስህ ጽፈሃል። እቅጩን ልንገርህ፤ የእህትህ ትምህርት ግዴታህ ነው ብትል አልከራከርህም። ሶፋው ግን ጎረቤት እንዲያየው የሚገዛ ነው፣ ዋጋውም ካንተ እራት ላይ እየተነሳ ነው። ወላጅን መጦር ተገቢ ነው፤ ተርቦ መጦር ግን ብዙ አይዘልቅም። ከዚያ በኋላ ወይ ትታመማለህ፣ ወይ ሥራውን ትለቃለህ፣ ያኔ ለእነሱም የሚደርሳቸው የለም።

ስለዚህ ለአባትህ ደውል፣ መልእክት አትላክ። ደመወዝ ከመውጣቱ ቢያንስ አሥር ቀን ቀድመህ ይሁን፤ በደመወዝ ዋዜማ የተነገረ ነገር ክርክር ይሆናል። «አባባ፣ ከዚህ ወር ጀምሮ 2,000 ብር በየወሩ መጀመሪያ ላይ ሳላስተጓጉል እልክልዎታለሁ። ከዚያ በላይ ከላክሁ እኔ እዚህ ዕዳ ውስጥ እገባለሁ» በል። ምክንያት አትደርድር፤ ምክንያት በበዛ ቁጥር አንድ በአንድ ይፈርስብሃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ቅሬታ ይኖራል። በሦስተኛው፣ ብሩ በቀኑ እየደረሰ ሲያዩት፣ እነሱም በሱ ማቀድ ይጀምራሉ።

የቀረውን እንዲህ ደልድለው፦ ኪራይ 3,000፣ ዕቁብ 500፣ ምግብና መንገድ 2,960፣ ለደስታህ 450። ይህቺን 450 ደመወዝ በገባ ቀን ለብቻዋ አስቀምጣት። «ከተረፈ» ብለህ ካቆየሃት አትተርፍም። ዕቁቡን ከሥራ ባልደረቦችህ ጋር ግባ፣ ሲደርስህም መጀመሪያ ፋን ግዛበት፤ ቶሎ እንደሚያስፈልግህ ለዳኛው ቀድመህ ንገረው። ኪራዩ ደግሞ ደባል ብታገኝ በግማሽ ይወርዳል፣ የሚያወራህም ሰው ታገኛለህ።

አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ እኔ እንደማየው ከብሩ ቀጥሎ የጎዳህ እሱ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ድሬ 1,200 ገደማ። አንተ እዚህ ሆነህ በደብረ ብርሃን ሰዓት ትኖራለህ። እዚያ ማታ ብርድ ስለሆነ በር ይዘጋል። ድሬ ግን እኩለ ቀን ላይ ታሸልባለች፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትነቃለች። ሰው ከቤቱ የሚወጣው ልክ አንተ በር በምትዘጋበት ሰዓት ነው። ቆርቆሮ ጣራ ደግሞ ቀን የዋጠውን ሙቀት እስከ ሦስት፣ አራት ሰዓት ድረስ ወደ ክፍሉ ይለቀዋል፤ ያ የምታየው ጣራ ነው እንቅልፍህን የሚነሳህ።

ስለዚህ ከሥራ ስትመለስ ሰውነትህን ታጠብ፣ በርና መስኮት ክፈት፣ ወለሉን ውሃ ርጭ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ውጣ። እስከ ሦስት ሰዓት አትመለስ። ከዚራ ባሉት የዛፍ ጥላዎች ሥር ከለገሃር ተነስተህ መሄድ ገንዘብ አይጠይቅም። በሌላው ቀን የደቻቱን ድልድይ ተሻግረህ መጋላ ግባ፣ ቀፊራ ገበያ ዙር። በሳምንት ሁለት ምሽት አንድ ቦታ ብቻ መርጠህ ሻይና ሳምቡሳ ያዝ። ቦታ አትቀያይር፤ ያው ወንበር፣ ያው ሰዓት። በሦስተኛው ሳምንት ሻይ ቀጂዋ ስኳርህን ሳትጠይቅህ ታውቀዋለች፣ አጠገብህ የሚቀመጠውም «ዛሬ ዘገየህ አቦ» ይልሃል። በማያውቁት ከተማ የሚገኝ ወዳጅነት የሚጀምረው እንዲህ ነው። ለመጋዘን ጥበቃውና ለጂቡቲ መስመር ሾፌሮቹ የኦሮምኛና የሶማሊኛ ሰላምታ በየቋንቋቸው መልስ፤ በቀን አንድ ቃል ብትጠይቃቸው ፊታቸው ሲፈታ ታያለህ፣ ለሥራህም ይጠቅምሃል።

በወር አንድ እሁድ ሐረር ውጣ። ሚኒባሱ ደንገጎን ሲወጣ አየሩ ይቀየራል፣ የደጋ ልጅ ትንፋሹ ይመለስለታል። ሐረማያንና አወዳይን አልፈህ ጀጎል ትገባለህ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ የስፌት መኪኖቹን እየሰማህ ሂድ፣ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ ቅመስ፣ ቡና ጠጣ፤ ሳይመሽ ተመለስ፣ ከጨለመ መኪና ያስቸግራል። ከ450ው ትልቁን ድርሻ ይህ ጉዞ ይወስዳል፣ ይውሰድ። ቀኑን አሁኑኑ ካሌንደር ላይ ምልክት አድርግበት፤ ሦስተኛው ሳምንት ሲከብድህ የሚያሻግርህ ያ ምልክት ነው።

ስለ በርጫ፣ ተሰብስቦ ጫት ስለ መቃም፣ አልጠየቅከኝም፤ ይመጣልሃልና ልንገርህ። በዚህ ከተማ ለእንግዳ ቶሎ የሚከፈተው በር እሱ ነው። ጨዋታው ያምራል፤ ግን በየቀኑ ገንዘብ ይፈልጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ከምርቃናው በኋላ የሚመጣው ዱካክ (ድብርትና ቅዠት) ብቻውን ለሚኖር ሰው ክፉ ነው። በወዳጅነት ከጠሩህ ሻይህን ይዘህ ተቀመጥ። ደጅ የምትተኛ ከሆነም አጎበር ስቀል፣ የውሃ በርሜልህን ክደን፤ እዚህ የዴንጊ ትንኝ ቀንም ትናከሳለች።

ይህን ሁሉ አድርገህ ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍና ምግብ እንቢ ካለህ፣ ወይም መኖር ካስጠላህ፣ የሙያ ምክር አይበቃህም። ሳትውል ሳታድር ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ቅርብህ ያለ ጤና ጣቢያ ሂድ።

ሥራውን አሁን አትልቀቅ። የስድስት ወር የሥራ ልምድ ደብዳቤ ቀጣሪ ዘንድ ክብደት የለውም፤ ዓመቱን ሙላ። እስከዚያ ግን መጋዘን ብቻ አትቀመጥ። በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ ሰዓት በኋላ ሰነድ ክፍል ቁጭ ብለህ እንድታይ አለቃህን አስፈቅድ። እኔ ከዚያ ጠረጴዛ የመጣሁ ስለሆንኩ ወደዚያ አደላለሁ፣ ያንን ቆጥረህ ስማኝ። ኢንቮይሱን (የዋጋ ሰነዱን)፣ ፓኪንግ ሊስቱን (የዕቃ ዝርዝሩን)፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉን (የጭነት ሰነዱን) እና ሰርተፊኬት ኦፍ ኦሪጅኑን (ዕቃው የተመረተበትን አገር ማረጋገጫ) ጎን ለጎን ዘርግተህ ማንበብ ተማር። የኮንቴነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው፤ አንዷ አኃዝ ከተዛባች ወይም የሁለቱ ሰነዶች ክብደት ካልገጠመ ለጉምሩክ የሚቀርበው መግለጫ፣ ዲክላራሲዮኑ፣ ይቆማል፣ ኮንቴነሩም በየቀኑ ዲመሬጅ፣ የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል። ሰነድ ክፍል ያሉት ዕቃውን አያዩትም፣ አንተ ግን በእጅህ ቆጥረኸዋል። ስህተቷን ከእነሱ ቀድመህ ያገኘህ ቀን የሚሰማህን ታየዋለህ። ከዚያ የጉምሩክ አስተላላፊነት ፈቃድ መንገድ ይከፈታል።

እሁድ እያስገቡህ ከሆነ አዋጅ 1156/2011 በሳምንት 24 ሰዓት ያልተቋረጠ ዕረፍት ይሰጥሃል፤ በዕረፍት ቀን የተሠራ ትርፍ ሰዓትም በሁለት እጥፍ ይከፈላል። ዓረብ አገር፣ የተፈረመ ሕጋዊ ውል እጅህ ላይ ሳይኖር አይታሰብም፤ ወንድምህ ይህን አሳይቶሃል? ማስተርሱ ዘንድሮ አይሆንም፣ ክፍያው ከ64 ብርህ ላይ ነው የሚነሳው። ዓመት ሲሞላህ የሥራ ልምድ ደብዳቤህን ይዘህ ጻፍልኝ፣ ያኔ የትኛውን ትምህርት እንደምትመርጥ አብረን እናያለን።