ጥያቄና መልስ፦ ውስጥ እግር ላይ ስለተሳለው ካርታ

ውስጥ እግርንና መዳፍን በጣት እየተጫኑ የመላ አካልን ጤና ለመደገፍ ስለሚሞክረው ሪፍሌክሶሎጂ የደረሱኝን ጥያቄዎች ዛሬ በአንድነት እመልሳለሁ። ረጃጅሞቹን ደብዳቤዎች አሳጥሬአለሁ፤ ተመሳሳይ የሆኑትንም አጣምሬአለሁ።

የሐዋሳ አንባቢያችን አንድ ማሳጅ ቤት ግድግዳ ላይ የጉበት፣ የኩላሊትና የልብ ስም የተጻፈበት የእግር ሥዕል አይተው፣ «ከጥንት ግብፅ የመጣ ጥበብ ነው አሉኝ፤ እውነት ነው?» ይላሉ።

ሳቃራ በሚገኘው የአንክማሆር መቃብር ግድግዳ ላይ ሰዎች የሌሎችን እጅና እግር ይዘው የሚታዩበት ከ4,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቅርጽ አለ። ከቅርጹ የሚታየው ግን እግር መያዙ ነው እንጂ ጉበት በእግር በኩል መታከሙ አይደለም። ግድግዳው ላይ ያዩት ካርታ የ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። አሜሪካዊው የአንገት በላይ ሐኪም ዊልያም ፊትዝጄራልድ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር ጥፍር በ10 ቋሚ መስመሮች ከፍሎ፣ በአንዱ መስመር ላይ መጫን በዚያው መስመር ያለውን ሕመም ያስታግሳል የሚለውን ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1917 በመጽሐፍ አወጣ፤ በ1930ዎቹ ደግሞ ዩኒስ ኢንግሃም የተባለች የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሐሳቡን ወደ እግር አውርዳ ዝርዝሩን ሣለችው። ከውስጥ እግር አንዲት ነጥብ ተነሥቶ ለይቶ ጉበት ላይ የሚያርፍ ነርቭ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት ሁለት ባለሙያዎች ሕመማቸው ያልተነገራቸውን 18 ሰዎች እግር መርምረው ማን ምን እንዳለበት መለየት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ፣ 23 ሙከራዎችን ያገናዘበ ግምገማም ሪፍሌክሶሎጂ የትኛውንም በሽታ እንደሚያድን አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። ይህን ስል ጥቅም የለውም ማለቴ አይደለም። ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለአንድ ሰዓት ያህል እግርን በለዘበ እጅ መታሸት ውጥረትን ያረግባል፤ ጡታቸው ላይ የጀመረ ካንሰር በጠናባቸው ሴቶች ላይ በተደረገ አንድ ጥናት የትንፋሽ ማጠር ቀለል ብሎላቸው ተገኝቷል። መፍታታት ከፈለጉ ይሂዱ፤ ጉበትዎን ለማወቅ ግን የደም ምርመራ ያድርጉ።

«የሚጀመረው ከቀኝ እግር ነው ወይስ ከግራ?»

ደስ ካለዎት።

አንድ የአዲስ አበባ አንባቢ እግራቸውን በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጨው ውኃ ገንዳ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ሲነክሩ ውኃው ቡናማ ሆኖ፣ «መርዝ ወጣልዎ» ተባሉ። «ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነበር?» ሲሉ በድንጋጤ ይጠይቃሉ።

አልተሸከሙም፤ ቡናማው ዝገት ነው። በጨው ውኃ ውስጥ ያለው ብረት ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይዝጋል። ካላመኑኝ በሚቀጥለው ጊዜ እግርዎን ሳያስገቡ ማሽኑን እንዲያበሩልዎ ይጠይቁ። ሰውነትን የሚያጣሩት ጉበትና ኩላሊት ናቸው፤ እነርሱም ደረሰኝ አይቆርጡም።

ከእስራኤል የጻፉልን የነታንያ አንባቢ ኩፓት ሆሊም (አባል የሆኑበት የአገሪቱ የጤና መድን ድርጅት) ለሪፍሌክሶሎጂ ቅናሽ ስለሚያደርግላቸው፣ ይህ ሕክምናው መረጋገጡን ያሳይ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ቅናሽ ደንበኞች አገልግሎቱን መፈለጋቸውን እንጂ ፈዋሽነቱን አያሳይም። በአውስትራሊያም መንግሥት ለግል የጤና መድን የሚሰጠው ድጎማ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ለሪፍሌክሶሎጂ ተነሥቷል። ቅናሹን ይጠቀሙበት፤ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን አያቋርጡ።

የጎንደሩ አንባቢ ባለሙያው ከወጌሻ በምን እንደሚለይ ይጠይቃሉ። ወጌሻ የታመመውን ቦታ ራሱን ይይዛል፤ ሪፍሌክሶሎጂስት ደግሞ ሌላ ቦታ ላለ ሕመም እግርን ይጫናል። ቁርጭምጭሚትዎ ዞሮ መርገጥ ካቃተዎት ሁለቱም ከመንካታቸው በፊት ራጅ ይነሡ።

አሁን ወዳሳሰበኝ ደብዳቤ ልግባ። አንዲት ልጅ፣ «እናቴ ስኳር ካለባት 14 ዓመት ሆኗታል፤ ሌሊት ውስጥ እግሬን ያቃጥለኛል፣ ጉንዳን የሄደብኝ ይመስለኛል ትላለች። ለበዓል ስጦታ የአሥር ቀን ሪፍሌክሶሎጂ ልከፍልላት አስቤአለሁ፤ ይጠቅማታል?» ብላለች።

እኅቴ፣ ገንዘቡን አሁን አትክፈዪ። ማቃጠሉና ጉንዳን መሄዱ ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ የሚታይ ምልክት ነው፤ ያው ጉዳት ሲገፋ ደግሞ እግሩ ዝም ይላል፤ ብዙ ቤተሰብም ዝምታውን መዳን ይመስለዋል። እኔ በፊዚዮቴራፒ ሥራ ላይ ሳለሁ ስኳር ያለባቸው አንድ አባት ተረከዛቸው ላይ ካልሲው ተጣብቆ መጡ። ከመታሸታቸው በፊት ጨው የተጨመረበት ሙቅ ውኃ በሳፋ ቀርቦላቸው ነበር። ካልሲውን አርሼ በቀስታ ስልጠው ቆዳው አብሮ ተነሣ፤ እሳቸው ግን ግድግዳውን እያዩ፣ «ምንም አላመመኝም እኮ» አሉኝ፣ የምሥራች እንደሚናገር ሰው። ያቀረበላቸው ሰው ውኃውን በእጁ እንኳ አልሞከረውም፤ ስኳር እንዳለባቸውም አልጠየቀም። የማይሰማው እግር «በቃ» ማለት አይችልም፤ የደም ዝውውሩ ከደከመ ደግሞ ትንሿ ቁስል ሳትድን ትከርምና እግር እስከ መቆረጥ ታደርሳለች።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ይህን አድርጊ፤ በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያስተዋወቁት ቀላል ፈተና ነው። እናትሽ ዓይናቸውን ይጨፍኑ። የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ መካከለኛ ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸውን በሌባ ጣትሽ፣ ሳትጫኚና ሳትደጋግሚ፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰከንድ ብቻ ንኪ፤ በተሰማቸው ቁጥር ቀኝ ወይም ግራ ይበሉ። ከስድስቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ካመለጣቸው እግራቸው ለቁስል የተጋለጠ ነው። ሁሉንም ቢያውቁት እንኳ ማቃጠሉ ብቻውን ወደ ስኳር ክትትል ክሊኒካቸው የሚወስድ ምክንያት ነው። እዚያም ጫማና ካልሲያቸውን አውልቀው እንዲታዩ አጥብቀሽ ጠይቂ፤ ሐኪሙ ሲቸኩል እግር ሳይታይ ይታለፋል። የነርቩ፣ የደም ዝውውሩና የቆዳው ሁኔታ ታይቶ ከተፈቀደላቸው፣ ስኳር እንዳለባቸው ለተነገረው ባለሙያ ያለ ሙቅ ውኃና ያለ እንጨት መጫኛ፣ በእጅ ብቻ ቀለል አድርጎ ቢያሻቸው አልቃወምም። የስጦታው ገንዘብ ግን ጣት የማያጣብብ፣ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር ጫማ ቢገዛ እኔ እመርጣለሁ።

የመጨረሻዋ ጠያቂ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናቸው፤ እግራቸው አብጧል፣ ባለቤታቸውም ዘይት ገዝተው ሊያሹላቸው ተዘጋጅተዋል። ዘይቱ ጥቂት ይቆይ። መጀመሪያ የደም ግፊትዎን ይለኩ፤ ሽንትዎም ውስጥ ፕሮቲን መኖሩ ይታይ። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም ከጎድን አጥንት በታች ሕመም ካለ ነገ ሳይሉ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ። ያበጠው አንዱ እግር ብቻ ከሆነ፣ ከሞቀና ካመመም፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችልና መታሸት ወደ ሳንባ ሊገፋው ስለሚችል ማንም እንዳይነካው፤ በቀጥታ ወደ ሐኪም ይሂዱ። ተመርምረው ደኅና ከተባሉ ግን በጎንዎ ተጋድመው፣ እግርዎን ትራስ ላይ ከፍ አድርገው ባለቤትዎን ይጥሯቸው፤ ለዚህ ካርታ አያስፈልጋቸውም።