ዐሥር ደቂቃ የሚበራላቸው ቴምብሮች

ጥያቄ፦ በሚቀጥለው ወር ለሥልጠና ወደ ሞሪሸስ እሄዳለሁ። እዚያ ብርቅ ቴምብሮች የሚታዩበት ሙዚየም አለ ይባላል። ያለኝ ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ እንዴት ልጠቀምበት? ደግሞም አባቴ ያቆዩልኝ የንጉሡ ዘመን ቴምብሮች በክረምቱ እርጥበት ተጣብቀውብኛል። ምን ይሻላል?
(የቴምብር ወዳጅ፣ ከጅማ ሄርማታ)

መልስ፦ ሙዚየሙ ብሉ ፔኒ ይባላል፤ ፖርት ሉዊስ፣ ኮዳን በሚሉት የወደብ ዳርቻ ይገኛል። እሁድ ዝግ ነው። ከሁሉ በፊት ደቂቃውን ይያዙ። በ1847 እ.ኤ.አ. የወጡት ሁለቱ ቴምብሮች፣ ብርቱካናማው ባለ 1 ፔኒና ሰማያዊው ባለ 2 ፔንስ፣ መብራት የሚበራላቸው በየሰዓቱ ከ25ኛው እስከ 35ኛው ደቂቃ ድረስ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ የሚያዩት ቅጂያቸውን ነው። ብርሃን ቀለም ያደበዝዛል፤ የደበዘዘው ደግሞ ጨለማ ውስጥ ቢከርም አይመለስም። ስለዚህ ሩብ ጉዳይ ላይ ከደረሱ አስቀድመው የጥንት ካርታዎቹንና የከተማዋን ታሪክ ይዩ፤ ቀጣዩ ሰዓት ሞልቶ ሃያ ደቂቃ ሲያልፍ ወደ ቴምብሮቹ ክፍል ይመለሱ። ሞሪሸስ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች፤ ደቂቃው ግን ያው ነው። በዚያ ክፍል ፎቶ ማንሳት ክልክል ስለሆነ ጊዜዎን በስልክ አያባክኑ።

መብራቱ ሲበራ ከንግሥት ቪክቶሪያ አንገት በታች ያለውን ጠርዝ ልብ ብለው ይዩ፤ ቀራጩ ጆሴፍ ባርናርድ የስሙን ሁለት ፊደላት እዚያ አኑሯል። ሁለቱንም የቀረጸው በአንድ የመዳብ ሰሌዳ ላይ ነው። ከእያንዳንዳቸው 500 ታተመ፤ ዛሬ የሚታወቁት ግን ሁለቱ ተደምረው ሠላሳ አይሞሉም። ለዚህ ነው የአገሬው ባንኮችና ድርጅቶች በ1993 እ.ኤ.አ. ተባብረው ገዝተው ወደ ደሴቲቱ የመለሷቸው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድዎን አይርሱ፤ ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

ወደ አባትዎ ቴምብሮች እንምጣ። በጣት ለመላቀቅ ፈጽሞ አይሞክሩ፤ ወረቀቱ ከፊት ለፊቱ ይላጣል። ማኅተም ያረፈባቸውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይንከሯቸው፤ በራሳቸው ይለያያሉ። ባለቀለም ፖስታ ላይ ያሉትን ለብቻ ይንከሩ፤ ቀለሙ ለቆ ሌሎቹን ያበላሻል። ያልተሠራባቸውን ግን አይንከሩ፤ ሙጫው ታጥቦ ይሄዳል፤ ዋጋቸውም አብሮ ይወርዳል። ክዳን ባለው ሣህን ታች እርጥብ ስፖንጅ አድርገው፣ ቴምብሮቹን ውሃው በማይነካቸው ወንፊት ላይ ያኑሩ። በየሰዓቱ እየከፈቱ ይዩ፤ ሙጫው ሲለሰልስ በወረንጦ ቀስ አድርገው ያንሸራትቱ። ከዚያ ሙጫው ወደ ላይ ሆኖ በንጹሕ ወረቀት ላይ ይድረቁ፤ ደህና ሳይደርቁ መጽሐፍ ከጫኑባቸው መልሰው ይጣበቃሉ።

አልበሙን ከግድግዳ አርቀው ያቁሙት፤ አያስተኙት፣ ክብደቱ ገጾቹን ያጣብቃል። ከጫማ ካርቶን የሚገኘውን እርጥበት መጣጭ ከረጢት አጠገቡ ያድርጉ፤ እንደ ጅማ ባለ ዝናባማ አገር ቶሎ ስለሚጠግብ በክረምት ደጋግመው ይለውጡት።