ማርሚታ ላሠራ ወይስ ጫፉን ብቻ ልቀይር?

ወንድሜ፣ «ለሱዙኪ ኤስቪ 650 ሞተር ሳይክሌ ሙሉ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) በብየዳ ላሠራ ወይስ ጫፉን ብቻ ልቀይር?» ብለሃል። ጫፉን ብቻ ቀይር።

የአንተ ሞተር ሁለቱ ሲሊንደሮች በ90 ዲግሪ የተከፈቱ ናቸው። የፊተኛው ቱቦ ዞሮ ነው ከኋለኛው ጋር የሚገናኘው። የቱቦዎቹ ርዝመትና ስፋት ከተዛባ ዝቅተኛ ዙር ላይ ጉልበት ታጣለህ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ፣ ታክሲ ኋላ ተለጥፈህ በሁለተኛ ማርሽ ስትወጣ የምትፈልገው ደግሞ እሱኑ ነው።

እኔ አንድ ጊዜ በብየዳ አሠርቼ ነበር። ከውጭ ሲያዩት ያብረቀርቃል። ፈትቼ ጣቴን ሳስገባ ግን የብየዳው ጉብታ ወደ ውስጥ ገብቶ የጭሱን መንገድ አጥብቦታል። የግድ የምታሠራ ከሆነ ከመገጠሙ በፊት ውስጡን በጣትህ ዳስሰው። መጋጠሚያው ላይ አዲስ ጋስኬት (ማሸጊያ) ይግባ። አየር ካስገባ የነዳጅ እጀታውን ስትመልስ ጧ ጧ ይላል።

ጫፉ ውስጥ ያለውን የድምፅ ማፈኛ በምንም ዓይነት እንዳታወጣ። ሲወጣ የአየርና የቤንዚኑ ቅይጥ ቤንዚን ሊያንሰው ይችላል፣ ሞተሩም ይግላል። ደግሞ በቸርችል ጎዳና ስትወጣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አለ። እዚያ የተኙ ሕሙማን አሉ፣ እባክህ።