ኸርሺ ወይስ ኦርላንዶ፦ አያት በሚመጡበት ሐምሌ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። እኔ ታክሲ እነዳለሁ፤ ባለቤቴ በአረጋውያን መንከባከቢያ ትሠራለች። የአሥር ዓመት ወንድ ልጅና የአራት ዓመት ሴት ልጅ አሉን። ልጁ ሦስት ዓመት ከሞላው ጀምሮ በየዓመቱ ጁላይ ላይ ፔንስልቬንያ ወዳለው መዝናኛ ፓርክ፣ ወደ ኸርሺፓርክ፣ እንሄዳለን። በጠዋት ተነሥተን፣ ፍሬድሪክን አልፈን፣ ጌቲስበርግ ላይ ቆመን ከቤት የያዝነውን ፍርፍር እንበላለን፤ የፓርኩ በር ሲከፈት እንደርሳለን። ዘንድሮ ግን ልጁ «ኸርሺን ጨርሼዋለሁ» አለ። የክፍል ጓደኞቹ ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ የተከፈተውን አዲስ መዝናኛ ፓርክ፣ ኤፒክ ዩኒቨርስን፣ አይተው ስለመጡ ሌላ ወሬ የለውም። ባለቤቴም ከእሱ ጋር ናት፤ «ልጆች የሚያድጉት አንድ ጊዜ ነው፤ በየዓመቱ አንድ ቦታ ለምን?» ትላለች። ለሁለት ዓመት ያጠራቀምነው ገንዘብ አለን። እኔን የሚያሳስበኝ እናቴ ናት። በጁን መጨረሻ ከደብረ ብርሃን ለመጀመሪያ ጊዜ ትመጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ያለን የዕረፍት ጊዜ አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ኸርሺ ይሻላል ስል ደግሞ አዲስ ነገር የምፈራ ሰው ሆኜ ለራሴ እታየኛለሁ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ እንደደረሰኝ መልሼ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነበር፤ የልጆቹን ቁመት። ግድግዳ አስደግፈህ ለክተህ ላክህልኝ፤ ልጁ 54 ኢንች ተኩል፣ ልጅቷ 38 ኢንች ተኩል። እግዜር ይስጥልኝ። እንደዚህ ባለ ፓርክ አንድ ልጅ የትኛው መጫወቻ ላይ እንደሚሳፈር የሚወስነው ከዕድሜው ይልቅ ቁመቱ ነው። ይህን ሳላውቅ የሠራሁት ስሕተት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት ሦስት ልጆቻችንን ይዘን በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና አሥራ ሦስት ሰዓት ነድተን ፍሎሪዳ ገባን። ትንሿ ልጄ ከወንድሞቿ ጋር በፀሐይ ከአንድ ሰዓት በላይ ወረፋ ቆማ ተራዋ ሲደርስ፣ መለኪያው ከጭንቅላቷ ሁለት ጣት ከፍ ብሎ ቀረ። የቆመው ሠራተኛ ሥራውን ነው የሠራው፤ ሳልለካት የወሰድኋት እኔ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ወንድሞቿ በሚገቡበት በር እየሸኘቻቸው፣ በሚወጡበት በር እየጠበቀቻቸው ዋለች። ዛሬ ትልቅ ሴት ናት፤ ከዚያ ሁሉ መንገድ የምታስታውሰው ያንን መለኪያ ነው።

ልጅህ የሚመኘው ትልቅ ነገር ነውና ስለ ኤፒክ ዩኒቨርስ በሚገባ ልንገርህ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2025 ተከፈተ። አምስት ዓለማት አሉት፦ የማሪዮና የጓደኞቹ የኒንቴንዶ ዓለም፣ የሃሪ ፖተር፣ የዘንዶዎቹ ደሴት፣ የአስፈሪ ፍጡራን መንደር፣ አራቱን የሚያገናኘው የአትክልትና የፏፏቴ ስፍራ ደግሞ አምስተኛው ነው። መጫወቻዎቹ 11 ናቸው፤ 54 ኢንች ተኩል የሆነ ልጅ ሁሉንም ይሳፈራል። እህቱስ? ሦስቱ 48 ኢንች ይጠይቃሉ። አምስቱ ደግሞ 40 ኢንች ይጠይቃሉ፤ ሁሉም ልጅ የሚያወራለት የማሪዮ ካርት ውድድር አንዱ ነው። ለእሷ የሚቀሩላት ሦስት ናቸው። አንድ ኢንች ተኩል ጎድሏት አምስት በር ይዘጋባታል ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ በዓመት ሁለት ኢንች ተኩል ያህል ያድጋል፤ በሚመጣው ዓመት በእነዚያው አምስት በሮች ቀና ብላ ትገባለች።

ልጁም ቢሆን ኸርሺን አልጨረሰም። ኸርሺፓርክ ልጆችን በቁመታቸው በከረሜላ ስም እንደሚከፍላቸው አንተ ታውቃለህ፤ 48 ኢንች የሞላው «ኸርሺ»፣ 54 የሞላው «ትዊዝለር» ይባላል። ባለፈው ዓመት ልጅህ 54 ስላልሞላ ካንዲሞኒየምን ከታች ሆኖ አንጋጦ ነው ያየው። ካንዲሞኒየም በ2020 የተከፈተ፣ 64 ሜትር ያህል ሽቅብ የሚወጣ፣ በሰዓት 76 ማይል የሚምዘገዘግ፣ በፓርኩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ረጅሙና ፈጣኑ ሮለር ኮስተር ነው። ስካይረሽ የሚባለው ሌላው ሮለር ኮስተርም 54 ኢንች ይጠይቃል። ስለዚህ የዘንድሮው ኸርሺ ለልጅህ የዓምናው ኸርሺ አይደለም። አሁኑኑ አጠገብህ አቁመህ ለካውና ንገረው፤ ምን እንደሚል ታየዋለህ።

እኔን ይህን ረጅም መልስ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ልጅህ ከአያቱ ጋር በስልክ ምን ያህል ይነጋገራል? አልነገርኸኝም፤ ሆኖም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስነዳ ብዙ ልጆቻችንን አሳፍሬአለሁ። «እማማ ደኅና ነሽ? ደኅና ነኝ» ብለው ስልኩን ለአባታቸው የሚመልሱ ልጆች አውቃለሁ። ፍቅር አጥተው አይደለም። የሚናገሩት ነገር ስለሌላቸው ነው። ስለ ደብረ ብርሃን እነሱ አያውቁም፤ ስለ ሲልቨር ስፕሪንግ አያት አያውቁም።

ቀደም ባሉት ዓመታት የደብራችን ሰንበት ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ተከራይቶ ልጆቹን በፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ወደ ነበረው መዝናኛ ፓርክ፣ ወደ ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ፣ ይወስድ ነበር፤ የምነዳውም እኔ ነበርሁ። አንድ ዓመት ከጎንደር ከመጣ ገና ሦስት ሳምንት የሆነው ልጅ አብሮን ሄደ። አጠገቡ የተቀመጠው እዚሁ የተወለደ እኩያው ነው፤ በአማርኛ ሲጠየቅ በእንግሊዝኛ የሚመልስ፣ መምህራኑ ተስፋ ሊቆርጡበት የደረሱ ልጅ። ከዋናው መንገድ ወጥተን የሮለር ኮስተሩ ጫፍ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ሲል ያ ልጅ በአማርኛ ተናገረ። «ያ... ይወጣል፣ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ሆድህ እዚያ ይቀራል» አለው። በመስታወቱ አየኋቸው። የጎንደሩ ልጅ ጠየቀ፤ ይኼኛው መለሰ። ቃል ሲያጣ በእጁ ሠርቶ አሳየ፤ የጎንደሩ ልጅ ቃሉን ሰጠው። ስንመለስ እስኪጨልም ድረስ አፋቸውን አልዘጉም። ያን ልጅ ማንም «አማርኛ ተናገር» አላለውም። ቦታውን ያውቀዋል፤ አጠገቡ ያለው አያውቀውም፤ ስለዚህ የሚነግረው ነገር አገኘ።

እናንተ ኤፒክ ዩኒቨርስ ብትሄዱ አምስታችሁም እንግዶች ናችሁ። አንተ በስልክህ ካርታ ትፈልጋለህ፤ ባለቤትህ የወረፋውን ሰዓት ታነባለች፤ ልጁ ወደፊት ይጎትታል፤ እናትህ ከኋላ ይከተላሉ። ኸርሺ ላይ ግን የአሥር ዓመት ልጅህ የቤቱ ባለቤት ነው። ውኃው የት እንደሚጠጣ፣ ጥላው የት እንዳለ፣ የትኛው እንደሚያስፈራና የትኛው እንደሚያረጥብ ሰባት ዓመት ተምሮታል። አያቱን እሱ ይምራ። አንተ አትተርጉም፤ ስለዚህ ነገር አደራ እልሃለሁ። ቃል ሲጠፋው ቶሎ ብለህ አትሙላለት፤ እናትህ ይሙሉለት።

«አዲስ ነገር የምፈራ ሰው ሆኜ ለራሴ እታየኛለሁ» ላልኸኝ፦ ያለፉት ዓመታት እውነትም ልማድ ነበሩ። ዘንድሮ ግን ቦታውን አይተው የማያውቁ እንግዳ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት፤ አስተናጋጆቹም ልጆችህ ናቸው። የለመዱት ቦታም ሁልጊዜ ቆሞ አይጠብቅም። ያ አውቶቡሳችን የሚሄድበት ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ በኖቬምበር 2 ቀን 2025 ለመጨረሻ ጊዜ በሩን ዘጋ። የእኔ ልጆች ልጆቻቸውን ይዘው የሚሄዱበት ይመስለኝ ነበር፤ ዜናውን ስሰማ አልቅሻለሁ።

የእናትህን ጉልበትም አስብ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ብርዳማ ደብረ ብርሃን የመጡ ሴት፣ በጁላይ ኦርላንዶ 33 ዲግሪ ከእርጥበት ጋር ይጠብቃቸዋል። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ይመጣል፤ መብረቅ ሲቀርብ ከቤት ውጭ ያሉት መጫወቻዎች ይቆማሉ፤ ሰው ሁሉ ጣሪያ ፍለጋ ይሮጣል። እሳቸው አይሮጡም።

ኸርሺም በጁላይ ይሞቃል፤ ነገር ግን ቅርብ ስለሆነ ቀኑን በእሳቸው አቅም ልትቆርሰው ትችላለህ። ወደ ፓርኩ ከመግባታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ካለው የቸኮሌት ዓለም ጀምሩ። መግቢያው በነጻ ነው፤ ተቀምጠው በሚሄድ ጋሪ ከካካዎ ፍሬው እስከ ቸኮሌቱ ያለውን አሠራር ያያሉ፤ ቅዝቃዜም አለው። በመንገዱ ላይ የሚዘፍኑ ላሞች አሉ፤ ላም ያሳደጉ ሴት ስለ እነሱ የሚሉት አያጡም። ከዚያ በ1919 የተሠራው የእንጨት ፈረሶች መዞሪያ አለ፤ ትንሿ ልጅህ ከአያቷ ጋር የምትሳፈርበት ነው። እሳቸው ሠረገላው ላይ ይቀመጡ፤ እሷ አጠገባቸው ፈረሱ ላይ ትውጣ። ኪሲንግ ታወር የሚባለው ማማም ተቀምጠው ቀስ ብለው እየዞሩ የሚወጡበት ነው፤ ከላይ ከተማውና እርሻው ይታያል።

እዚያ ማማ ላይ ሆነህ ስለ ቦታው ታሪክ ንገራቸው፤ ይወዱታል። ሚልተን ኸርሺ ፓርኩን በ1906 የከፈተው ለቸኮሌት ፋብሪካው ሠራተኞች መዝናኛ ብሎ ነው። እሱና ሚስቱ ካትሪን ልጅ አልወለዱም። በ1909 ወላጅ ላጡ ልጆች ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በኋላም ሀብቱን ለዚያ ትምህርት ቤት አደራ አስቀመጠ። ፓርኩን የሚያስተዳድረው ድርጅት ዛሬም የዚያው አደራ ንብረት ነው። እናትህ ይህን ሲሰሙ «ነፍሱን ይማር» እንደሚሉ አልጠራጠርም።

ቀኑን ስትመርጥ ጾሙን አስብ፤ የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ቀን ይፈታል፤ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን ይገባል። በመሐል ያለው በፈረንጆቹ ከጁላይ 12 እስከ ኦገስት 6 መሆኑ ነው። ረቡዕና ዓርብን ትተህ ማክሰኞ ወይም ሐሙስ አድርገው። በጾም ወቅት ቸኮሌት ከተማ ወስደህ እናትህን ዝም ብለው እንዲያዩ አታድርጋቸው። ጌቲስበርግ ላይ ያለውን ፍርፍርም አታስቀር፤ እሱ ከጉዞው ጋር ያደገ ነው። የቀረውን የዕረፍት ሳምንት ቤት ዋሉ፤ እናትህም ይረፉ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ እውነቷን ነው። ልጅ የሚያድገው አንድ ጊዜ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ምኞት እየተገፋ እየተገፋ ከቆየ ይሞታል። ስለዚህ «በሚመጣው ዓመት እናያለን» አትበላት። ዛሬውኑ አብራችሁ ተቀምጣችሁ በሚመጣው ዓመት ኦርላንዶ የምትሄዱበትን ወር ወስኑ፤ ያጠራቀማችሁትንም ከሌላው ለይታችሁ አስቀምጡ፤ ልጁም ይስማ። የፍሎሪዳ ትምህርት ቤቶች ኦገስት አጋማሽ ሳይደርስ ይከፈታሉ፤ የእናንተ ካውንቲ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ዝግ ስለሚሆን በመሐል ያሉት ቀናት ከጁላይ ይልቅ ሰው የቀለለባቸው ናቸው። ከቨርጂኒያ ሎርተን የሚነሣው የመኪና ባቡርም አለ፤ መኪናችሁን ጭኖ አመሻሽ ላይ ተነሥቶ 855 ማይል ሌሊቱን ተጉዞ በማግስቱ ጠዋት ኦርላንዶ አጠገብ ሳንፎርድ ያደርሳችኋል። እኔ ያኔ ባውቀው ኖሮ ባለቤቴ ያን ሁሉ መንገድ ባልነዳ። ልጅቷንም ከመሄዳችሁ በፊት ደግማችሁ ለኩ።

አንድ ነገር ልለምንህ። ኮሜት የሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር ከ1946 ጀምሮ እዚያ አለ፤ ልጅህ ስንት ጊዜ እንደተሳፈረበት አንተ ታውቃለህ። እናትህን አግዳሚ ወንበር ላይ ከፊት ለፊቱ አስቀምጣቸው፤ ልጁ ምን እንደሆነ በአማርኛ ያስረዳቸው። ለሮለር ኮስተር የአማርኛ ስም አላገኘንለትም፤ ሁላችንም እንደ ፈረንጆቹ ነው የምንጠራው። እናትህና ልጅህ ምን ብለው እንደሰየሙት ጻፍልኝ።