ከዋሻው ወዲህ ያለውን ተራራ ያስቀድሙ

እህታችን ከደሴ ሆጤ ያቀረቡትን ጥያቄ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በጥር መጨረሻ የአሥር ዓመት ልጅዎን ይዘው አሜሪካ፣ ዴንቨር ወንድምዎ ዘንድ ሊሄዱ ነው። ለበረዶ ሸርተቴ አራት ቀን ተመድቧል። ወንድምዎ «ቬይል» ይላል፣ ባለቤቱ «ብሬከንሪጅ» ትላለች፤ ሁለቱም ስመ ጥር የበረዶ ሸርተቴ ተራሮች ናቸው፤ እርስዎና ልጅዎ ግን ስኪ፣ ማለትም የመንሸራተቻውን ረጅም ሳንቃ፣ ተጫምታችሁ አታውቁም። ከሁለቱ የትኛው ይሻላል ነው ጥያቄው። እኔ ዛሬ ኮምቦልቻ ተመልሼ ብቀመጥም፣ ዘጠኝ የበረዶ ወቅት ከዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ወደ እነዚያ ተራሮች መንገደኛ ሳመላልስ የኖርኩ ሹፌር ነኝና መልሴ ይረዝማል፤ ይታገሡኝ። አጭሩ ግን ይኸው፦ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቬይልንም ብሬከንሪጅንም ይተዉአቸው።

ስም አይቶ መምረጥ እኔንም ጎድቶኛል። እዚያ በደረስኩበት ዓመት አንድ የአገሬ ልጅ «የደሴው ጦሳ ሥር ልጅ ተራራ ይፈራል እንዴ?» ብሎ ስሙ ከገነነ ቦታ ወሰደኝ። የሁለት ቀን ደመወዜ ለትኬት ሄደ። ግማሽ ሰዓት ያህል አቋቋም አሳየኝና ሊፍት በሚሉት፣ በገመድ ተንጠልጥሎ ሽቅብ በሚያወጣው ወንበር ላይ አሳፈረኝ። ከላይ ደርሼ ቁልቁል ስመለከት አዝዋ ገደል አፋፍ ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ልጅ ሆነን በክረምት በረጠበ ሣር ላይ በተቀደደ ጀሪካን ተቀምጠን እንንሸራተት ነበር፤ ያ ልምድ ይጠቅመኛል ብዬ ነበር። አልጠቀመኝም። ጀሪካን ላይ ያለ ልጅ ሲፈራ ተረከዙን ይተክላል፤ ስኪ ላይ የሚተከል ተረከዝ የለም። ግማሹን መንገድ በመቀመጫዬ ወረድኩ፣ የቀረውን ደግሞ ጉልበቴ ዞሮ የተራራው ነፍስ አድን ሠራተኞች በተንሸራታች ቃሬዛ ጠቅልለው አወረዱኝ። በጎኔ የሚያልፉ ሕፃናት እጃቸውን ያውለበልቡልኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጀማሪ ለሚመስለኝ መንገደኛ ሁሉ የምነግረው ስለ ተራራው ግርጌ ነው። አናቱ ስንት ሜትር ነው፣ ስንት መንሸራተቻ አለው የሚለው ለወንድምዎ ይጠቅም ይሆናል። እርስዎ ግን የመማሪያው ሜዳ ለብቻው የተከለለ ነው ወይስ ከላይ የሚወርደው ሁሉ የሚያቋርጠው ብለው ይጠይቁ። በብዙዎቹ ትልልቅ ቦታዎች ቀላሉ መንገድ የሁሉም ሰው መመለሻ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል በኋላ ሰኞ ገበያ ሲበተን ይመስላል፤ ልዩነቱ ሰዉ በመኪና ፍጥነት መምጣቱ ነው።

ለዚህ ነው ላቭላንድን የምመክርዎት። ከዴንቨር በስተምዕራብ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኢንተርስቴት 70 በሚባለው አውራ ጎዳና፣ አይዘንሃወር ዋሻ አፍ ላይ ያገኙታል። የእኛን የጣርማ በር ዋሻ ያስቡ፤ ያኛው 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ይረዝማል፣ ያለውም 3400 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ላቭላንድ ሁለት ክፍል አለው። ዋናው ለቻሉት ነው። ላቭላንድ ቫሊ የሚባለው ደግሞ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ራቅ ብሎ ለጀማሪዎች የተሠራ በመሆኑ በጎንዎ እንደ ጥይት የሚያልፍ ሰው አይኖርም። ሆቴልና የሱቅ ጎዳና የለውም፤ ትኬቱም ቬይል መስኮት ላይ ከሚጠየቀው በብዙ ይቀንሳል፤ ቬይል ለአንድ ቀን ከ200 ዶላር በላይ ያስከፍላል። ለጀማሪ ትኬቱን፣ የስኪ ኪራዩንና ትምህርቱን አንድ ላይ የሚሸጡበት መንገድ አለ፤ እሱን ይጠይቁ። ትምህርቱን ከአስተማሪ ይማሩ እንጂ ከወንድምዎ አይማሩ። የእኔን ጉልበት ያስታውሱ። ቫሊ የሚከፈትባቸውን ቀናትም አስቀድመው ድረ ገጻቸው ላይ ይዩ።

የላቭላንድ ችግር ነፋሱና ከፍታው ነው። ግርጌው ራሱ 3290 ሜትር ነው። ከፍሎሪዳ የሚመጡ መንገደኞቼ ገና መኪናው ውስጥ እንዳሉ ራሳቸውን ይይዙ ነበር። እርስዎ ግን አብሽሩ፤ የቬይል መንደር ያረፈው 2475 ሜትር ላይ ነው፣ ይህም የደሴ ከፍታ ማለት ነው። ዴንቨር ደግሞ 1609 ሜትር ብቻ ስለሆነች ከኮምቦልቻም ዝቅ ትላለች። በአንድ ከፍታ ተቀምጠን እነሱ በረዶ እኛ ጭጋግ የሚደርሰን እኛ ከምድር ወገብ በ11 ዲግሪ፣ እነሱ በ39 ዲግሪ ስለምንርቅ ነው። በነገራችን ላይ «በረዶ» የምንለው ቃል አንዱ ለሁለት ያገለግለናል። ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ የሚደበድበው የእኛ በረዶ ሌላ ነው። የእነሱ ደረቅና ቀላል ነው፤ ገና እንደወረደ በእጅ ቢጨብጡት እንደ ጤፍ ዱቄት ይበተናል። ሲወድቁበትም እንደሚፈሩት አያምም።

ከላቭላንድ ሁለት ቀን በኋላ ዋሻውን ተሻግረው ይሂዱ፤ ሦስተኛውን ቀን ለኮፐር ማውንቴን ይስጡት። ይህን ተራራ የምወደው እንደ እናንተ ችሎታው ለተደባለቀ ቤተሰብ ስለሚሆን ነው። ከግርጌው ቆመው ሽቅብ ሲመለከቱ በስተቀኝ ቀላሉ፣ መካከሉ መካከለኛ፣ በስተግራ ከባዱ ነው፤ ተፈጥሮ ራሷ ከፋፍላዋለች። ወንድምዎ ወደ ግራ፣ እርስዎና ልጅዎ ወደ ቀኝ ሄዳችሁ ምሳ ላይ ትገናኛላችሁ። ካርታ ማንበብ የሚያስቸግረው ሰው እንኳ አይጠፋም። በሌሎቹ ተራሮች ላይ አንድ መታጠፊያ የሳተ አባት ልጁን ሁለት ሰዓት ሲፈልግ አይቻለሁ።

በመንሸራተቻ መንገዶቹ ላይ ስለሚያዩአቸው የምልክት ቀለማት አንድ ነገር ልጨምር። አረንጓዴ ክብ ቀላል፣ ሰማያዊ አራት ማዕዘን መካከለኛ፣ ጥቁር አልማዝ ከባድ ማለት ነው። ነገር ግን ምልክቱ የሚሰጠው በዚያው ተራራ ውስጥ ካሉት መንገዶች ጋር ተመዝኖ ነው። የአንዱ ተራራ ሰማያዊ የሌላው ጥቁር ሊሆን ይችላል። በተለይ አራፓሆ ቤዚን የሚባለው ቁልቁለቱ ብርቱ ስለሆነ «ሰማያዊ ለምጃለሁ» ብለው አይግቡበት።

አራተኛውን ቀን ከወዲሁ አይወስኑ፤ ማታ የአየር ትንበያ አይተው ይምረጡ። ጦሳን ጭጋግ ሲሸፍነው ከቧንቧ ውኃ ሰፈር ቀና ብለው ቢመለከቱ ተራራው የለም፤ ሰማዩና መሬቱ አንድ ይሆናሉ። በእነዚያ ተራሮች ላይም ደመና በተጫነ ቀን፣ ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ ያለ ሰው መሬቱ ይውረድ ይውጣ አይለይም። ቆሜያለሁ ብሎ የሚንሸራተት፣ እየተንሸራተትኩ ነው ብሎ የቆመ አለ። ማቅለሽለሽም ያመጣል። ስለዚህ በረዶ በሚወርድበት ቀን ዛፍ ያለበትን ተራራ ይምረጡ፤ የዛፉ ጥቁረት ለዓይን መያዣ ይሆናል። ኪስቶን ለዚህ ጥሩ ነው፤ ስኩልማርም የሚባለው አረንጓዴ መንገዱ ከላይ እስከ ታች 5.6 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚረዝም ልጅዎ ደሴ ሲመለስ የሚያወራው ያገኛል። ሰማዩ ጥርት ካለ ግን የወንድምዎን ባለቤት ቃል ይስሙና ብሬከንሪጅ ይሂዱ፤ ፒክ 9 በሚባለው ክፍል ግርጌ ለእናንተ የሚሆን መሬት አለ። የላይኞቹ ሊፍቶች ነፋስ ሲበረታ ይዘጋሉ፤ ለእናንተ ግን የሚያስቀር ነገር አይደለም።

ቬይልስ? ቬይል ትልቅ ነው፣ ውብም ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ከተከፈተ ጀምሮ ስሙ የገነነው ከጀርባው ባሉት ገንዳ መሰል ዛፍ አልባ ቁልቁለቶች ነው፤ እነሱ ደግሞ የጀማሪ አይደሉም። ከዴንቨር 156 ኪሎ ሜትር ገደማ መንዳት አለ፤ ከደሴ እስከ ወልዲያ ሄደው ገና መንገድ ይቀራችኋል። ወንድምዎ ብቻውን አንድ ቀን ይሂድበት፤ አይቀየምም።

መንገዱ ላይ ሹፌርነቴ ይናገር። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ እሑድ ከሰዓት ወደ ምሥራቅ ያ ጎዳና የመኪና ማቆሚያ ይሆናል። የሚሄዱበት ጊዜ ጥሩ ነው፤ በጃንዋሪ ሦስተኛው ሰኞና በፌብሩዋሪ ሦስተኛው ሰኞ ባሏቸው ሁለት በዓላት መካከል ስለሚውል ሕዝቡ ይቀላል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ያሉትን ቀናት ይያዙ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት ከቤት ይውጡ። የወንድምዎን መኪና ጎማ ሳያዩ አይሳፈሩ፤ በዚያ መስመር ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ለበረዶ የሚሆን ጎማ ወይም ሰንሰለት መያዝ ግዴታ ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ ያለውን ጠመዝማዛ የለመደ ሰው መንገዱ ቀጥ ያለ ስለሚመስለው ይዘናጋል።

መኪና ካልተገኘ በወቅቱ በተመረጡ ቀናት ከዴንቨር ዩኒየን ጣቢያ እስከ ዊንተር ፓርክ ተራራ ግርጌ የሚያደርስ ባቡር አለ። እ.ኤ.አ. በ1928 በተከፈተውና 10 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የሞፋት ዋሻ ውስጥ ያልፋል። ሐዲዱ ሲዘረጋ እያየን ባቡሩን ስንጠባበቅ ለኖርን የኮምቦልቻ ሰዎች ለዚህ ብቻ ቢባል እንኳ ጉዞው የሚያስቆጭ አይደለም፤ ዊንተር ፓርክም ለጀማሪ ጥሩ ቦታ ነው።

ልጅዎ «ኢትዮጵያዊ ስኪ ያውቃል እንዴ?» ካለዎት ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ መወዳደሩን ይንገሩት። እሱ የተወዳደረው በሜዳና በኮረብታ ላይ በሚሮጥበት የስኪ ዓይነት ነው፤ የቁልቁለቱ ቦታ ገና ባዶ ነው።

ጋቢውን ለቤት ይውሰዱት እንጂ ተራራው ላይ አይልበሱት፤ ጥጥ አንዴ ከራሰ ቅዝቃዜውን አይለቅም። ጂንስ ሱሪም እንደዚያው። ቦት ጫማ ሲከራዩ ሁለት ካልሲ አይደርቡ፤ አንድ ቀጭን ይበቃል፣ ሁለት ሲሆን ደም ያግዳል፣ እግርም ይበርዳል። መኪናው ውስጥ ግን ለሁለታችሁም ደረቅ ካልሲና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ይቀመጥ። ምሳም ይቋጥሩ፤ የተራራ ላይ ሾርባ ዋጋ ሰምተው ከሚደነግጡ።